«ለኛ አይሰጥም»፦ ስለ ዩዲሲና ስለ ትምህርት እርዳታ የሚወራውና እውነታው

ዋሽንግተን ዲሲ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ፣ ሁላችንም ዩዲሲ የምንለው። በቀይ መስመር ባቡር ቫን ኔስ ላይ የወረደ ሰው ግቢው ፊቱ ነው። ሆኖም ከእኛ ከኢትዮጵያውያን መካከል በሩን ሳያንኳኳ የቀረው ብዙ ነው። አብዛኛውን ያስቀረው ክፍያው ሳይሆን በቡና ላይ፣ በሥራ ቦታ፣ ከቅዳሴ በኋላ የሚነገረው «ለኛ አይሰጥም» ነው። ተደጋግመው ከሚነገሩት ወሬዎች ስድስቱን ከእውነታው ጋር እናስተያያቸው።

የሚባለው፦ «ፋፍሳ የሚሞላው ሲቲዝን ብቻ ነው»

እውነታው፦ ፋፍሳ የፌዴራል መንግሥት የትምህርት እርዳታ መጠየቂያ ፎርም ነው። ሲቲዝን፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ በሪፉጂነት የገባና አሳይለም የተፈቀደለት ሰው ሁሉ ሊሞላው ይችላል። በዲቪ የመጣ ሰው የሚገባው በቋሚ ነዋሪነት ስለሆነ፣ ለፌዴራሉ እርዳታ «አምስት ዓመት ጠብቅ» የሚለው ወሬ አይመለከተውም። አምስት ዓመቱ የዜግነት ማመልከቻ ጉዳይ ነው፤ ሰው ሁለቱን ያደባልቃል። «እርዳታ ከወሰድክ ሲቲዝንሺፕህ ይበላሻል» የሚለውም መሠረት የለውም፤ በሕጋዊ መንገድ የተሰጠ የትምህርት እርዳታ ዜግነት አያስከለክልም።

ያልተፈቀደለትም አለ። አሳይለም ጠይቆ ውሳኔ የሚጠባበቅ፣ ጊዜያዊ ከለላ (ቲፒኤስ) ብቻ ያለው ወይም በተማሪ ቪዛ የመጣ ሰው የፌዴራል እርዳታ አያገኝም። መማር ግን አልተከለከለም፤ ከዩኒቨርሲቲውና ከግል ድርጅቶች የሚሰጡ ስኮላርሺፖችን ይጠይቅ። የክፍያው መጠን ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሚወሰነው በነዋሪነት ነው። የዲሲ ነዋሪ ዝቅተኛውን ይከፍላል፤ በአቅራቢያ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ አካባቢዎች ለሚኖርም ከሩቅ ከሚመጣው ያነሰ ዋጋ ተመድቧል። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ስለሚኖር ብቻ ተስፋ የቆረጠ ሰው መጀመሪያ ይህን ይጠይቅ።

የሚባለው፦ «ፋፍሳ ዕዳ ውስጥ ይከታል»

እውነታው፦ ፎርሙን መሙላት ብድር መውሰድ አይደለም። ፎርሙ ሲታይ ዩኒቨርሲቲው የሚገባህን ሁሉ ዘርዝሮ ይልክልሃል። ከዝርዝሩ ውስጥ ፔል ግራንት ካለ እሱ ስጦታ ነው፤ በ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር። ብድሩ ለብቻው ይቀመጣል፤ «አልፈልግም» ማለት ይቻላል፣ ከፊሉን ብቻ መቀበልም ይቻላል። እየሠራ ጥቂት ኮርስ ብቻ የሚወስድ ሰውም ፔል አይከለከልም፤ እንደ ክሬዲቱ ብዛት ይመጠንለታል።

ፎርሙ በነጻ ነው። «እኔ ልሙላልህ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው መክፈል አያስፈልግም፤ የዩኒቨርሲቲው ፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮ ያለ ክፍያ ይረዳል። የፎርሙን መለያና የይለፍ ቃል ለሌላ ሰው መስጠትም አደጋ አለው፤ ያ መለያ የተማሪው ፊርማ ነውና።

ብዙ ቤት የሚሰናከለው የወላጅ ክፍል ላይ ነው። የ18 ዓመት ልጅ የራሱን ክፍል ይጨርስና እናቱን በኢሜይል ይጋብዛል። እናት የራሷን መለያ ከፍታ፣ የታክስ መረጃዋ ከፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት (አይአርኤስ) በቀጥታ እንዲመጣ ፈቃዷን ሰጥታ መፈረም አለባት። «እኔ ታክስ አልሠራሁም፣ አያስፈልገኝም» ብላ ከተወችው፣ ወይም ልጁ «እማዬ እንዳትቸገሪ» ብሎ በእሷ ስም ከፈረመ ጉዳዩ ይበላሻል። ታክስ ያላስገባ ወላጅም ፈቃዱን መስጠት አለበት፤ ያለዚያ ልጁ የፌዴራል እርዳታ አያገኝም። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም መለያ መክፈት ይችላል። የወላጅ ሁኔታ ልጅን አያስቀርም፤ ያልተፈረመ ፎርም ግን ያስቀራል።

የሚባለው፦ «ዕድሜዬ አልፏል፤ ገቢያችንም ከፍ ብሏል»

እውነታው፦ የፌዴራል እርዳታ የዕድሜ ጣሪያ የለውም። እንዲያውም 24 ዓመት የሞላው፣ ያገባ ወይም ልጅ የሚያሳድግ ተማሪ የወላጆቹ ገቢ አይጠየቅም፤ የሚታየው የራሱና ያገባ ከሆነ የትዳር አጋሩ ገቢ ነው። ፎርሙ የሚያየው ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን ገቢ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ የለቀቀ፣ የታመመ ወይም ትዳሩ የፈረሰ ሰው ማስረጃውን ይዞ ወደ ፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮ ቢሄድ፣ ቢሮው ሁኔታውን እንደገና የመመልከት ሥልጣን አለው። ይህን የሚጠይቀው ጥቂት ሰው ነው፤ እንዳለ የሚያውቀውም ጥቂት ነው።

የሚባለው፦ «የአገር ቤት ትምህርት እዚህ ዋጋ የለውም»

እውነታው፦ ዋጋ አለው፤ ግን መተርጎምና መመዘን አለበት። ትራንስክሪፕቱ ለታወቀ የውጭ ትምህርት ገምጋሚ ድርጅት ይላካል፣ ዩኒቨርሲቲው ውጤቱን አይቶ ክሬዲት ይቆጥራል። አዲስ አበባ ወይም ጅማ ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጦ የመጣ ሰው ከዜሮ ለመጀመር መቸኮል የለበትም። ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ወይም በታሸገ ፖስታ እንዲመጣ ስለሚጠየቅ፣ ኦሪጅናል ዲግሪ ለመውሰድም የወጪ መጋራት ክሊራንስ ስለሚያስፈልግ፣ ለመምጣት የሚዘጋጅ ዘመድ ካለ ከመነሳቱ በፊት ይጨርሰው። ከዚህ ሆኖ በውክልና ማስጨረስ ብዙ ወራት ይፈጃል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። አገር ቤት የመጀመሪያ ዲግሪውን የጨረሰ ሰው፣ ዲግሪው እዚህ ባያሠራውም እንኳ፣ በሕጉ ፊት ዲግሪ አለው፤ ስለዚህ ለሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ ፔል ግራንት አይሰጠውም። ይህን ደብቆ መሙላት ጥፋት ነው፣ ኋላ ገንዘቡን ያስመልሳል። ለእሱ የሚበጀው ማስተርስ ወይም አጭር የሙያ ሥልጠና መመልከት ነው።

የሚባለው፦ «ከከበደኝ እቀራለሁ፤ ምን ያመጣብኛል?»

እውነታው፦ በጣም የሚጎዳን ይህ ነው። እርዳታ የወሰደ ተማሪ ከሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይደርስ ሁሉንም ኮርስ ካቋረጠ፣ ላልተማረበት ጊዜ የደረሰው ገንዘብ ተሰልቶ ይመለሳል፤ ለዩኒቨርሲቲው የሚከፈል ዕዳም ሊመጣበት ይችላል። በ15 ሳምንት ሴሚስተር ይህ እስከ ዘጠነኛው ሳምንት ገደማ ነው። ዝም ብሎ መቅረት ደግሞ ከማቋረጥም ይብሳል፤ ስም መዝገብ ላይ ይቆይና ኤፍ ሆኖ ይመጣል፣ የሚቀጥለውን እርዳታም ሊያስከለክል ይችላል። የሥራ ሰዓት የተቀየረበት ወይም ልጅ የታመመበት ሰው ከመቅረቱ በፊት አማካሪውን ያነጋግር። አንድ ኮርስ መጣል ሁሉንም ከመጣል ይሻላል።

የሚባለው፦ «ዩዲሲ የትም ያልተሳካለት የሚሄድበት ነው»

እውነታው፦ ሥሩ የሚመዘዘው ሚርቲላ ማይነር በ1851 ለጥቁር ልጃገረዶች ከከፈተችው ትምህርት ቤት ነው። ያኔ በዋሽንግተን ባርነት ሕጋዊ ነበር። የተከለከለን ሰው ለማስተማር የተነሳ ተቋም በሩን ሰፊ ማድረጉ ውርደት ሳይሆን የተቋቋመበት ዓላማ ነው። ዛሬ ከኮሚኒቲ ኮሌጅ እስከ ሕግ ትምህርት ቤት ያለው፣ ዕውቅና ያገኘ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዲግሪ ለማይፈልግም ለዲሲ ነዋሪዎች ነጻ የሆነ የሥራ ሥልጠና አለው፤ በጤና፣ በኮንስትራክሽን፣ በሆቴል አገልግሎትና በኮምፒውተር ዘርፍ። ሕግ ትምህርት ቤቱም ተማሪዎች በመምህራን ክትትል ለአቅመ ደካሞች ነጻ የሕግ አገልግሎት የሚሰጡበት ክሊኒክ አለው፤ የኢሚግሬሽን ጉዳይም ከሚታዩት አንዱ ነው።

ምን እናድርግ? ለዕድሉ ብቁ መሆን አለመሆናችንን የሚወስነው ጎረቤት ሳይሆን የፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮው ነው፤ መልሱንም ከቢሮው እንስማ። የሚቀጥለው ዓመት ፋፍሳ ብዙውን ጊዜ በመኸር ይከፈታል፤ ቀድሞ የሞላ ቀድሞ ይታያል። ግሪን ካርድ ወይም የአሳይለም ማስረጃ፣ የታክስ ወረቀትና ትራንስክሪፕት ይዛችሁ ሂዱ፤ እንግሊዝኛው ያስቸገረው ወላጅም ልጁን ወይም ወዳጁን ይዞ ይሂድ። ቢሮው «አይቻልም» ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ሌላ ምን አማራጭ እንዳለም ጠይቁ። መልሱን ካገኛችሁ በኋላ ደግሞ ለሌላው ንገሩ፤ ወሬው በተነገረበት ቡና ላይ እውነታውም ይነገር።