ማሳከኩ ቆመ ማለት ዳነ ማለት አይደለም

ክረምት ሲገባ በምሠራበት መድኃኒት ቤት «እግሬን እየበላኝ ነው» የሚል ሰው ይበዛል። ሌሊቱን በቦቲ ጫማ የሚያድሩ የጥበቃ ሠራተኞች፣ መኪና አጣቢዎች፣ የሆቴል ዕቃ አጣቢዎች፣ ዶርም የሚኖሩ ተማሪዎች ናቸው። ብዙዎቹ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ይጠብቁና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነግሩኛል፤ ንጽሕና የጎደለው ሰው እንዳይባሉ ይሰጋሉ። ይህ እፍረት ያሳዝነኛል፤ ማሳከኩን የሚያመጣው የእግር ፈንገስ የሚፈልገው ሙቀትና እርጥበት ነውና። በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት እግሩን የሚታጠብ ሰው እንኳ የጣቶቹን መሃል ሳያደርቅ ካልሲ ካጠለቀ ሊይዘው ይችላል።

በሽታውን የሚያመጡት ጭርት ከሚያመጡት ጋር አንድ ቤተሰብ የሆኑ ፈንገሶች ናቸው፤ በብዛት የሚገኘው ትራይኮፋይተን ሩብረም ይባላል። የሚመገቡት ኬራቲን የተባለውን፣ የላይኛው ቆዳችንና ጥፍራችን የተሠሩበትን ፕሮቲን ነው። አብዛኛውን ጊዜ በትንሿ ጣትና በጎረቤቷ መካከል ይጀምራል። ቆዳው ይነጣል፣ ይላላጣል፣ ይሰነጠቃል፤ ይሸታልም። ሌላም መልክ አለው፦ ውስጥ እግርና ተረከዝ ይደርቅና ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ይህኛው ብዙም ስለማያሳክክ ሰው «ድርቀት ነው» እያለ ለዓመታት ቫዝሊን ይቀባዋል።

የቆዳው ሕክምና ከባድ አይደለም። ክሎትሪማዞል ክሬም በቀን 2 ጊዜ ለ4 ሳምንት ያህል ይቀባል፤ ተርቢናፊን 1 በመቶ ክሬም ደግሞ ብዙ ጊዜ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ሥራውን ይጨርሳል። ገንዘብ ያጠረው ሰው ዊትፊልድ ቅባትን አይናቀው። ቤንዞይክ አሲድ 6 በመቶና ሳሊሲሊክ አሲድ 3 በመቶ የያዘ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ ርካሽ መድኃኒት ነው፤ በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ግን ያቃጥላል። የትኛውም ይሁን፣ ቆዳው ጤነኛ ከመሰለ በኋላም የታዘዘውን ጊዜ መጨረስ ግድ ነው። ብዙ ሰው በአራተኛው ቀን ማሳከኩ ሲቆምለት ቲዩቡን ይጥላል፤ ፈንገሱ ግን ገና እዚያው አለ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ የቅይጥ ቅባቶቹ ጉዳይ ነው። «ልጄ፣ ያችን ቶሎ የምታስታግሰውን ስጪኝ» አሉኝ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ባዶ ቲዩብ ዘርግተው። ውስጡ ፀረ ፈንገስ፣ ፀረ ባክቴሪያና ክሎቤታሶል የተባለ ኃይለኛ ስቴሮይድ ተቀላቅለዋል። «አባባ፣ ስንት ጊዜ ተመላለሰብዎት?» ብላቸው፣ ሲተዉት እንደሚመለስ፣ አሁን ደግሞ ወደ እግራቸው ጀርባ እንደወጣ ነገሩኝ። ስቴሮይዱ ቅላቱንና ማሳከኩን ዝም ያሰኛል፤ ቆዳው ፈንገሱን የሚዋጋበትን አቅም ግን ያዳክማል። ፈንገሱ ይስፋፋል፤ መልኩም ስለሚለወጥ ሐኪም እንኳ በዐይን አይቶ ለመለየት ይቸገራል። ለወራት የተቀባ ቆዳ ደግሞ ይሳሳል። ይህን ቅባት ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አልሸጥም፤ ደንበኛ ተቆጥቶ ቢሄድም አልሸጥም።

ጥፍር ውስጥ ከገባ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጥፍሩ ይወፍራል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይፈረፈራል፤ ተራ ክሬምም ዘልቆ አይገባውም። የተለመደው መድኃኒት የተርቢናፊን ክኒን ነው፦ ለእግር ጥፍር በቀን 250 ሚሊግራም ለ12 ሳምንት። ጉበት ሊነካ ስለሚችል ሐኪም ማዘዝና መከታተል አለበት፤ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ክኒኑ ሲያልቅ ጥፍሩ ገና ቢጫ ሆኖ ሲያዩት «አልሠራልኝም» የሚሉ አሉ። የእግር ጥፍር በወር የሚያድገው ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ የአውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ እስኪተካ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። መታየት ያለበት ከሥር የሚወጣው አዲሱ ጥፍር ነው።

ክኒን ከመዋጥ በፊት ምርመራ ይቅደም። መልካቸው ከተበላሸ ጥፍሮች ግማሽ ያህሉ ፈንገስ የለባቸውም፤ የሚጠብ ጫማ፣ የሩጫ ጉዳት ወይም ሶርያሲስ የተባለው የቆዳ ሕመም ተመሳሳይ መልክ ያመጣሉ። ጥፍሩ ተፍቆ፣ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ተደርጎበት በማይክሮስኮፕ ይታያል። ኬቶኮናዞል ክኒን ለጥፍር የሚጠይቁኝንም እመልሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካና የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች በከባድ የጉበት ጉዳት ምክንያት ክኒኑ ለቆዳና ለጥፍር ፈንገስ እንዳይውል አድርገዋል። ነጭ ሽንኩርት ማሰርና እግርን በረኪና ውስጥ መንከርም ቆዳ ያቃጥላል፤ ይቅር።

እንዳይመለስ የሚያደርገው የየቀኑ ልማድ ነው። ከታጠቡ በኋላ የጣቶችን መሃል አንድ በአንድ ማድረቅ። አንድ ጫማ ሁለት ቀን ተከታትሎ አለማድረግ፤ ያደረውን ፀሐይና ነፋስ ላይ ማዋል። ካልሲን በየቀኑ መቀየር፣ ሲቻልም በ60 ዲግሪ ውኃ ማጠብ። የጋራ ሻወር ቤት በነጠላ ጫማ መግባት። ጥፍር መቁረጫ አለመዋዋስ፤ ፔዲኪዩር የምታዘወትሪ እህቴ የራስሽን መሣሪያ ይዘሽ ሂጂ። ሲለብሱ ካልሲን ከውስጥ ሱሪ በፊት ማጥለቅ ደግሞ ፈንገሱ ወደ ብሽሽት እንዳይዛመት ይረዳል። ቤት ውስጥ ሌላም የሚያሳክከው ካለ አብሮ ይታከም።

የስኳር ሕመም ወይም የእግር ማበጥ ያለበት ሰው ግን ጉዳዩን አያቅልለው፤ በጣቶች መሃል ያለች ስንጥቅ ለባክቴሪያ በር ትከፍታለች። በየማታው እግሩን ይመልከት፤ ማየት ካቃተው የቤት ሰው ይይለት። እግሩ ከቀላ፣ ከሞቀና ካበጠ ወይም ትኩሳት ከያዘው ቅባት ፍለጋ እኛ ዘንድ አይምጣ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂድ።