የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦ ለምን ቶሎ ይቃጠላል? ተጠቃሚዎች ሊያውቁት የሚገባ

በእንጅባራ፣ በዳንግላና በሌሎች የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ከተሞች በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ጋግረው ለሚሸጡ ወገኖች የምጣዱ ሽቦ (ሬዚስታንስ) መቃጠል የዕለት ገቢን የሚያቋርጥ ችግር ነው። ይህ ጽሑፍ የችግሩን መንስኤና ተጠቃሚዎች ሊወስዱት የሚገባውን ጥንቃቄ ያብራራል።

የሽቦው መከላከያ ሽፋን

ብረት በከፍተኛ ሙቀት ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ በፍጥነት ይበላል። በዚህም ምክንያት የማሞቂያ ሽቦ ከክሮሚየም ጋር ከተቀየጠ ብረት ይሠራል፤ ብዙውን ጊዜም አሉሚኒየም ይታከልበታል። ሽቦው ሲግል በላዩ ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይፈጠርና የውስጡን ብረት ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ምጣዱ በጋለና በቀዘቀዘ ቁጥር ሽፋኑ ይሰነጠቃል፣ ይላጣል። አዲስ ሽፋን በተሠራ ቁጥርም በሽቦው ውስጥ ያለው ክሮሚየምና አሉሚኒየም ይቀንሳል። እነዚህ ሲሟጠጡ ሽቦው ይሳሳል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል።

የብርቅዬ ንጥረ ነገሮች ድርሻ

እንደ ሴሪየም፣ ላንታነምና ኢትሪየም ያሉ ብርቅዬ ንጥረ ነገሮች የማሞቂያ ቅይጦችን ዕድሜ እንደሚያራዝሙ እ.ኤ.አ. በ1937 በብሪታንያ በወጣ የፈጠራ መብት ሰነድ ተመልክቷል። የሚጨመረው መጠን ከመቶ አንድ እጅ በታች ነው። በብረትና ክሮሚየም ቅይጥ ላይ ሽፋኑ የሚያድገው ክሮሚየም ከውስጥ ወደ ውጭ እየፈለሰ ሲሆን፣ ከሥሩ ክፍተት ስለሚቀር በቀላሉ ይላቀቃል። ብርቅዬዎቹ ንጥረ ነገሮች በሽፋኑ ቅንጣቶች መካከል ሰፍረው ይህን መተላለፊያ ይዘጋሉ። በዚህም ሽፋኑ ስስ፣ በዝግታ የሚያድግና ከብረቱ ጋር አጥብቆ የተያያዘ ይሆናል።

ለተጠቃሚዎች የሚሰጥ ምክር

• የቅይጡ ዓይነት በዓይን አይለይም። ስለሆነም ሲገዙ የሽቦውን ዓይነትና የኃይል መጠን በዋት ይጠይቁ፤ ደረሰኝም ይቀበሉ። ስለሚገዙት ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂ መረጃ ማግኘት በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተረጋገጠ የሸማች መብት ነው።
• የተበጠሰ ሽቦ ቋጥሮ መጠቀም አይመከርም። ሽቦው ባጠረ መጠን የሚስበው ኃይል ይጨምራል፤ ይበልጥ ስለሚግልም ቶሎ ይቃጠላል።
• ምጣዱን ደጋግሞ ከማብራትና ከማጥፋት ይልቅ በአንድ ጊዜ መጋገር የሽፋኑን መላጥ ይቀንሳል።
• ጥገና ከመጀመሩ በፊት ኃይሉ ከቆጣሪው መጥፋቱ ይረጋገጥ፤ ሥራውም በባለሙያ ይከናወን።