ማዳበሪያ ያልረዳው መሬት ኖራ ሊፈልግ ይችላል

ዝናብ በሚበዛባቸው የምዕራብና የደቡብ ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ገበሬው በወቅቱ አርሶ፣ ገንዘብ አውጥቶ ማዳበሪያ ጨምሮም ገብሱ ቢጫ ሆኖ የሚቀጭጭበት፣ ባቄላው ፍሬ ሳይዝ የሚቀርበት ማሳ ጥቂት አይደለም። ብዙዎች «መሬቱ አረጀ» ይላሉ። በእንዲህ ያለው አካባቢ ግን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የአፈሩ ኮምጣጣነት ነው።

ኮምጣጣነት የሚለካው ፒኤች በሚባለው መለኪያ ነው። 7 ገለልተኛ ሲሆን፣ ልኬቱ በአንድ ቁጥር በወረደ ቁጥር ኮምጣጣነቱ 10 እጥፍ ይጨምራል። ከ5.5 በታች ሲሆን በአፈሩ ያለው አልሙኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር ያሳጥራል፤ ፎስፈረስንም አስሮ ይይዛል። ማዳበሪያው ተጨምሮ ለውጥ የማይታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ በአንድ ክረምት የመጣ አይደለም። ዝናቡ ካልሲየምና ማግኒዚየምን አጥቦ ይወስዳል፤ ገለባው ከማሳ ይወጣል፤ ኩበቱ ይነዳል፤ ዩሪያም ለዓመታት ብቻውን ሲጨመር ኮምጣጣነቱን ያባብሳል። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ብዙ ገበሬዎች ምርቱ የቀነሰባቸውን ማሳ ለከሰል በሚውለው ዲከረንስ ግራር ሸፍነውታል።

መድኃኒቱ የተፈጨ የግብርና ኖራ ነው። መጠኑ ግን በግምት አይወሰንም። ከማሳው ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ተወስዶ በአንድነት ይደባለቃል፤ አንድ ኪሎ ያህሉም ለምርመራ ይላካል። ከብት ካደረበት፣ ከአጥር ሥርና ከዛፍ ጥላ ናሙና አይወሰድም። ኖራው ከዘር ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ አፍና አፍንጫን በጨርቅ ሸፍኖ ይበተንና በእርሻ ከአፈሩ ጋር ይደባለቃል። ከዩሪያ ጋር ባንድ ጊዜ መጨመር የለበትም።

የማኅበራት መሪዎች ሥራ የሚጀምረው በበጋ ነው። ለምሳሌ ምርመራው ለሄክታር 30 ኩንታል ቢያዝና 40 አባወራዎች ግማሽ ግማሽ ሄክታር ቢያክሙ፣ 600 ኩንታል ያስፈልጋል። ይህም ባለ 50 ኪሎ 1,200 ከረጢት ነው። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ይህ ሁሉ በአህያ ጀርባ ይጓጓዛል። ስለዚህ ስም ዝርዝሩ፣ ትእዛዙና ማከማቻው መንገዱ በጭቃ ከመያዙ በፊት መጠናቀቅ አለበት። ጉልበት ለሌላቸው አረጋውያንና እማወራዎች ደቦ ካልተጠራ ኖራው ለባለ አህያው ብቻ ይሆናል።

ኖራ አፈሩን ያክማል እንጂ ማዳበሪያን አይተካም። ኮምፖስትና ፍግ አብረውት ሊገቡ ይገባል። ኖራ ያልደረሰው ገበሬ ኮምጣጣ አፈርን የሚችሉ እንደ ድንች፣ አጃና ግብጦ ያሉ ሰብሎችን ቢዘራ ይሻለዋል። ማኅበሩም በአንድ ማሳ ላይ ጥቂት እርምጃ ኖራ ሳይነካው ቢተው፣ አባላቱ ልዩነቱን በአጨዳ ጊዜ በዓይናቸው አይተው ይፈርዳሉ።