ሩቤላና ያልተቆጠሩት ሕፃናት

ካዛንቺስ ውስጥ ልጅ አተኩሶት ሽፍታ ሲወጣበት ጎረቤቱ ሁሉ «ኩፍኝ ነው» ይላል። አንዳንዴ ግን ሽፍታው ሩቤላ የተባለ ሌላ ቫይረስ የሚያመጣው ነው። በሦስት ቀን ገደማ ይከስማል፤ ልጁም ተነሥቶ ይጫወታል። ከሚያዙት ሰዎች እስከ ግማሽ የሚደርሱት ምንም ምልክት አያሳዩም። የሚያሰጋው ከልጁ ጋር በአንዲት ክፍል ለምታድር ነፍሰ ጡር ነው።

ቫይረሱ ከእናት ደም በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ይሻገራል። እናት አካል በሚቀረጽባቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከተያዘች ጽንሱ የመጎዳት ዕድሉ እስከ 90 በመቶ ይደርሳል፤ ብዙዋ ሴት ደግሞ ያኔ ማርገዟን እንኳ በቅጡ አላወቀችም። ጽንሱ ሊጨናገፍ ወይም ሞቶ ሊወለድ ይችላል። በሕይወት ከተወለደ ዓይኑ ላይ ነጭ ሞራ ሊኖር ይችላል። ከልብ አጠገብ ያለው፣ በተወለደ በቀናት ውስጥ ሊዘጋ የሚገባው የደም ቧንቧ ክፍት ከቀረ ደግሞ ጡት ሲጠባ ይደክመዋል፣ ያልበዋል። አለመስማቱ ግን ቶሎ አይታወቅም። በር ሲወረወር የማይደነግጥ ሕፃን «ጨዋ ልጅ» ተብሎ ይመሰገናል፤ ጭንቀቱ የሚመጣው አፉን የሚፈታበት ጊዜ ሲያልፍ ነው። ያኔ በእርግዝናው ወራት ቤት ውስጥ የታየውን ሽፍታ ማን ያስታውሳል?

የሩቤላንና የዚህን ጉዳት ግንኙነት መጀመሪያ ያስተዋለው የሲድኒው የዓይን ሐኪም ኖርማን ግሬግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1941። ክትባቱ በ1969 ተገኘ።

እኛ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1994 ከ4,600 በላይ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ደም ሲመረመር 91 በመቶው ቀድሞ በሩቤላ ተይዞ እንደነበር ታወቀ፤ ልጆች አራት ዓመት ሲሞላቸው ግማሽ ያህሉ ተይዘው ነበር። በልጅነት የያዘው ሰው ዳግም አይያዝም ማለት ይቻላልና ቁጥሩ የሚያጽናናቸው አሉ። እኔን አያጽናናኝም። እዚሁ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለው ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የሚወልዱትን እናቶች ብዛት ላሰበ፣ ከመቶ ጥቂቶቹ ብቻ ያልተጠበቁ ቢሆኑ እንኳ ብዙ ሴት ናቸው።

ታዲያ ክትባቱ ለምን ዘገየ? ስጋት ስለነበረ ነው፤ ስጋቱም መሠረት ነበረው። ክትባቱ ለጥቂት ሕፃናት ብቻ ከደረሰ የቫይረሱ ሥርጭት ይቀንሳል እንጂ አይቆምም፤ በልጅነታቸው ያመለጣቸው ልጃገረዶች ለመውለድ ሲደርሱ ያገኛቸዋል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት የኩፍኝ ክትባት ሽፋናቸው 80 በመቶ ያልሞላ አገሮች የሩቤላን እንዳይጀምሩ ይመክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ 175 አገሮች ጀምረው ኢትዮጵያ ገና ነበረች፤ በ9 እና በ15 ወር የሚሰጠው ክትባት ለኩፍኝ ብቻ ነበር። በ2024 የድርጅቱ አማካሪዎች ያ ገደብ እንዲነሣ መከሩ፤ በዘመቻ ትልልቆቹም ልጆች አብረው ከተከተቡ የተፈራው ክፍተት ይደፈናል። የኩፍኝና የሩቤላ ክትባቶች በአንድ መርፌ የሚሰጡ ናቸውና ከዚህ በኋላ ለመጠበቅ በቂ ምክንያት አይታየኝም።

ክትባቱ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ የተከተበች ሴትም ከማርገዟ በፊት አንድ ወር ትቆያለች። ያረገዘች ሴት ሽፍታ ካለበት ልጅ ጋር ከከረመች ለክትትል ስትሄድ ትናገር።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ሊሠራ ይችላል። ሽፍታ ካለበት ልጅ የሚወሰደው ደም ከኩፍኝ ነፃ ሲሆን ለሩቤላም ይመረመራል። ይህ የበሽታ ቅኝት ግን ሽፍታን እንጂ በሩቤላ የተጎዳውን ጨቅላ የሚፈልግ አይደለም። ዓይኑ ላይ ሞራ ይዞ ከተወለደ ሕፃን፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ያው የደም ናሙና ይወሰድ፤ የተጎዱት ሕፃናት ስንት እንደሆኑ የምናውቀው እንዲህ ነው።