ልጅ ይዞ መጥፋት፦ የሚወራውና ሕጉ የሚለው

ጣሊያን ውስጥ የተወለደችን ሕፃን አሜሪካዊት እናቷ በሁለት ወሯ ገደማ ይዛት ኦሃዮ ገባች። አባቷ ጣሊያናዊ ነው። ወሬውን የሰማ ሁሉ «እናቲቱ የገባችው አገሯ ነው፤ ማን ይነካታል?» ማለቱ አይቀርም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2020 ልጅቷ ወደ ጣሊያን እንድትመለስ የተሰጠውን ውሳኔ አጸና (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዳኞቹ የመረመሩት የወላጆቹን ዜግነት ሳይሆን የልጅቷ ኑሮ የት እንደነበረ ነው።

ውሳኔው የተመሠረተው አንዱ ወላጅ ያለ አግባብ ወደ ሌላ አገር የወሰደው ልጅ ወደ ኖረበት አገር እንዲመለስ በሚደነግገውና ከ100 በላይ አገሮች በተቀበሉት በ1980ው የሄግ ስምምነት ላይ ነው። ስምምነቱ የሚሠራው ከ16 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ነው።

«ይመለስ ተባለ፤ እንግዲህ ለአባቱ ተፈረደ» የሚለው ስህተት ከሁሉ ይብሳል፤ ስንቱን ወላጅ በከንቱ አስደንግጧል። ልጁ የሚመለሰው ወደ ኖረበት አገር እንጂ ወደ ከሳሹ እጅ አይደለም። እናትም አብራው መመለስ ትችላለች። ማን ያሳድገው የሚለውን የሚወስነው የዚያ አገር ዳኛ ነው፤ የሚመልሰው ፍርድ ቤት በዚህ ጉዳይ ገብቶ እንዳይፈርድ ስምምነቱ ከልክሎታል።

ልጅ ይዞ የሚጠፋው አባት ነው የሚባለውስ? ስምምነቱን ያረቀቁትም በአብዛኛው ያሰቡት ይህንኑ ነበር። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን ከአራቱ ሦስቱ ገደማ እናቶች መሆናቸውን አሳዩ። ከእነሱም መካከል ዱላ ሸሽተው የወጡ አሉ። መመለሱ ልጁን ለከባድ አካላዊ ወይም ሥነ ልቦናዊ ጉዳት የሚያጋልጠው ከሆነ ዳኛው አልመልስም ማለት ይችላል፤ ማስረዳቱ ግን የሸሸው ወላጅ ሸክም ነው፣ በሩም ጠባብ ነው። የስምምነቱ ደካማ ጎን እዚህ ላይ ይታያል።

ጉዳዩ በስድስት ሳምንት ያልቃል ተብሎ ይታሰባል፤ አንዳንዴ ግን ዓመታት ይፈጃል። በ2010 ለዕረፍት ተብሎ ከጣሊያን ወደ አውስትራሊያ የተወሰዱ አራት እህትማማቾች የተመለሱት በ2012 ነበር፤ ያውም አንሄድም እያሉ። የልጅ ተቃውሞ እንደ ብስለቱ ይመዘናል እንጂ ብቻውን አይወስንም።

ኢትዮጵያ የዚህ ስምምነት አባል አይደለችም። ልጁ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ከገባ፣ የቀረው ወላጅ በስምምነቱ ይመለስልኝ ማለት አይችልም፤ እዚሁ ፍርድ ቤት ይከሳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የልጁን ደኅንነት አስቀድሙ ስለሚል ክርክሩ የሚያጠነጥነው በዚያ ላይ ነው። ያም ሆኖ «አገሬ ገባሁ፣ አበቃ» አያስብልም፦ የሌላውን ወላጅ መብት ለመንፈግ ልጅን ከአሜሪካ ማስወጣት ከ1993 ጀምሮ እስከ ሦስት ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ነው።

«ኤርፖርት ላይ ይይዙታል» ብሎ መዘናጋትም አለ። አሜሪካ መውጫ ላይ የኢሚግሬሽን ፍተሻ የላትም። የሰጋ ወላጅ አስቀድሞ የፍርድ ቤት እግድ ያወጣል፤ በልጁ ስም ፓስፖርት ሲጠየቅ እንዲነገረውም ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ዘንድ ያስመዘግባል።