የመጠበቂያው አዳራሽ ዝምታ፦ የአገር ውስጥ አየር መንገደኛ ቅሬታ ከየት ይመነጫል?



ስለ አውሮፕላን ማረፊያ አገልግሎት ልናገር መሆኑን የሰማ አንድ ባልደረባዬ «ይህ የባለጸጋ ቅሬታ አይደለምን?» ሲል ጠየቀኝ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ቢሆን እስማማ ነበር። ዛሬ ግን ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ የሚሳፈረውን ሰው ተመልከቱ። በመኪና መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለ፤ ባለፉት ዓመታት ደግሞ የጸጥታው ሁኔታ ብዙውን ሰው ከመንገዱ አርቆታል። ስለዚህ ከጎናችን የሚቀመጠው ሪፈር የተጻፈለት ሕመምተኛ፣ ለቪዛ ቀጠሮ የሚጣደፍ ወጣት፣ ለቅሶ ደራሽ ነው። በአየር የሚሄደው ምቾት ፈልጎ ሳይሆን ሌላ መንገድ አጥቶ ነው።

ከራሴ ገጠመኝ ልጀምር። የማረፊያውን ስም አልጠራም፤ ከተማውም ጎንደር አልነበረም። በረራችን ለረፋድ አራት ሰዓት ተቆርጦ ሳለ ስምንት ሰዓት አለፈ። ድምፅ ማጉያው አንድም ቃል አልተናገረም። ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ በትንሿ ሱቅ የሚሸጠው ደግሞ ቅቤና ወተት የገባበት ኬክ ብቻ ነው። አጠገቤ አንዲት እናት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ለኩላሊት ሕክምና ልጃቸው ይዟቸው የሚሄድ ነው።

«ልጄ፣ የተማርህ ትመስላለህ። ምን አሉ?» አሉኝ።

«ምንም አላሉም፣ እማማ።»

«እንግዲያውስ እኛ መኖራችንን የነገራቸው የለም ማለት ነው።»

የዛሬው ንግግሬ በሙሉ የዚህች ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ነው ብትሉ አልቃወምም።

በመጀመሪያ መዘግየቱ ራሱ ከየት እንደሚመጣ እንይ፤ ሁሉም ስንፍና አይደለምና። ከከተማችን በስተደቡብ አዘዞ ላይ የሚገኘው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ቀትር ላይ ሲሞቅ ደግሞ ይብስ ይሳሳል። ክንፍ የሚደገፈው በአየር፣ ሞተርም የሚተነፍሰው አየር ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ወይም ቀለል ያለ ጭነት ይሻል። ሻንጣ በኋላ በረራ የሚከተለው አንዳንድ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። በክረምት ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን ነጎድጓድና ዝናብ የጎንደር ሰው ለሆናችሁት መንገር አያስፈልገኝም።

ሁለተኛው ምክንያት ለመንገደኛው ፈጽሞ አይታየውም። በአገር ውስጥ መስመር የሚሠራው ባለ ሁለት ሞተሩ ዳሽ 8 ሰባ ያህል ሰው የሚይዝ ሲሆን፣ በአንድ ቀን ብዙ ዙር ይመላለሳል። ጠዋት ቦሌ ላይ ጭጋግ አንድ ሰዓት ቢያስረው፣ ያች ሰዓት ከዙር ወደ ዙር እየተላለፈች ማታ ሌላ ከተማ ላይ ትደርሳለች። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ እያበራ «በአየር ጠባይ ምክንያት» ሲባል የምንስቀው ለዚህ ነው። አባባሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የየትኛው ከተማ አየር እንደሆነ ግን አልተነገረንም።

ስለ ሕንፃውም አንድ ነገር ልበል። የፍተሻ በር አንድ ብቻ ቢሆንና እያንዳንዱ ሰው ግማሽ ደቂቃ ቢወስድ፣ ሰባ መንገደኛ በ35 ደቂቃ ያልፋል። በጥምቀት ሰሞን ሁለት በረራ ተከታትሎ 150 ሰው ቢሰለፍ ግን የመጨረሻው ሰው 75 ደቂቃ ይቆማል። ወንበሩም መጸዳጃ ቤቱም በዚያው ልክ ይጠብባል። ችግሩ የአማካይ ቀን ሳይሆን የዓውደ ዓመት ቀን ነው፤ ለዓመት በዓል እንግዳ ሲባል ዓመቱን ሙሉ ባዶ የሚውል አዳራሽ መሥራት ደግሞ ውድ ነው። የአዘዞው ማረፊያ በተለይ የተረጋጋ ዘመን አላገኘም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የጦር አውሮፕላን ይነሣበት ነበር፤ ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ሮኬት ተተኩሶበት ጉዳት ደረሰበት፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በግጭቱ ምክንያት በረራው ለቀናት ተቋርጦ ነበር። ይህን ሁሉ ያየ ማረፊያ ወንበር ቢያንሰው እኔ ብዙ አልፈርድም።

የምፈርደው በዝምታው ላይ ነው። ዴቪድ ማይስተር የተባለ የአስተዳደር ምሁር በ1985 እ.ኤ.አ. ስለ ወረፋ ሥነ ልቡና በጻፈው ጽሑፍ፣ ምክንያቱ ያልተነገረ ጥበቃ ከተነገረው፣ ፍጻሜው የማይታወቅም ከታወቀው ይልቅ እንደሚረዝም አመልክቷል። በአሜሪካ የሂውስተን ማረፊያ የሚወሳ ታሪክ አለ፦ ሻንጣ ጠባቂዎች ሲያማርሩ፣ አስተዳደሩ መውረጃውን ከሻንጣ መረከቢያው አራቀው፤ ሰዎቹ በመቆም ፈንታ እየተራመዱ ጊዜው አለፈ፤ አቤቱታውም ቀረ። ብልሃቱን አደንቃለሁ፣ ግን አልወደውም። ሰውን ማዘናጋትና ለሰው ማስረዳት አንድ አይደሉም።

የሕንድ ልምድ ይሻለኛል። በጥር 2016 ዓ.ም. ዴልሂን ጭጋግ ሸፍኖ በረራ በተዛባ ጊዜ፣ ወደ ሙምባይ የተዛወረ አውሮፕላን መንገደኞች ማኮብኮቢያው አጠገብ አስፋልት ላይ ተቀምጠው ሲበሉ ዓለም ተመለከተ። በዚያው ሰሞን የአገሪቱ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ፣ አየር መንገዶች የመዘግየትን መረጃ በትክክልና በሰዓቱ እንዲያሳውቁ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ ይዘገያል ተብሎ የሚጠበቀውንም በረራ አስቀድመው መሰረዝ እንዲችሉ መመሪያ አወጣ። ጭጋጉን መግፈፍ አልተቻለም፤ መናገር ግን ግዴታ ሆነ።

በእኛስ? ኢትዮጵያ የገባችበት የ1999 እ.ኤ.አ. የሞንትሪያል ስምምነት ለመዘግየት ጉዳት አጓጓዡን ተጠያቂ ያደርጋል፤ የሚሠራው ግን ለዓለም አቀፍ ጉዞ ነው። ከጎንደር በአዲስ አበባ በኩል ዋሽንግተን የሚሄድ ሰው ጉዞው እንደ አንድ የተዋዋለ ከሆነ ከጎንደር ጀምሮ በስምምነቱ ይጠበቃል። በዚያው አውሮፕላን አጠገቡ የተቀመጠው የአዲስ አበባ ሕመምተኛ ግን አይጠበቅም። እርሱን የሚመለከተው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ስለ አየር ማጓጓዝ የሚናገረው ክፍል ነው፤ የ2013ቱ አዲስ የንግድ ሕግ ይህን ክፍል አልተካውም። አየር መንገዳችን የመጀመሪያውን ጀት ከማምጣቱ በፊት የተጻፈ ሕግ ነው። በዚህ ላይ የማረፊያዎች ድርጅት ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ በአየር መንገዱ ግሩፕ ሥር ስለሆነ፣ የሚያበርረውና አዳራሹን የሚያስተዳድረው አንድ ቤት ሆኗል። ይህ ቅንጅትን ያቀልላል፤ መንገደኛው ከዚያ ቤት ውጭ ሊጮኽበት የሚችለው ደጅ ግን የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ያን ደጅ የሚያውቀው መንገደኛ ስንቱ ነው?

አዲስ ሕንፃ ዓመታትንና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። የመዘግየቱን ምክንያት፣ የሚጠበቀውን ሰዓትና ቀጣዩ ማስታወቂያ መቼ እንደሚነገር በአማርኛ መናገር ግን አንድ ድምፅ ማጉያና ሥልጣን የተሰጠው አንድ ሠራተኛ ይበቃዋል። «ሥልጣን የተሰጠው» ያልሁት አውቄ ነው፤ በዚያ ረቡዕ በሩ ላይ የቆመችው ወጣት ሠራተኛም እንደ እኛው የምታውቀው አልነበራትም፤ የስድቡን ዶፍ የተቀበለችው ግን እርሷ ናት።

አውሮፕላኑ አሥር ሰዓት ላይ መጣ። እናትዬዋን ልጃቸውና እኔ ደግፈን እስከ ደረጃው አደረስናቸው፤ በዚያ ዕለት የነበራቸው የሐኪም ቀጠሮ አልፎ ነበር።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ፤ በተለይ ከሕግ ተማሪዎች።