አብራሪው የማያየው ስህተት

ደብረ ሲና ላይ ቆሞ ሽቅብ ለሚያይ ሰው፣ መንገዳቸው የተሻገረ ሁለት አውሮፕላኖች ለጥቂት የተራረፉ ይመስሉታል። «ሊጋጩ ነበር እኮ!» ይባላል። በመካከላቸው ግን ቢያንስ 1,000 ጫማ፣ 300 ሜትር ያህል አለ፤ ከታች ሆኖ ይህን መለየት ለዓይን ይከብዳል። በአብዛኛው የአፍሪካ ሰማይ ከ29,000 እስከ 41,000 ጫማ ባለው ከፍታ ይህ ልዩነት ሥራ ላይ የዋለው መስከረም 15 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው። ቀድሞ እጥፉ ነበር። መጥበቡ ጄቶች ነዳጅ የሚቆጥቡባቸውን የከፍታ ደረጃዎች ከ7 ወደ 13 አሳድጓል።

«ፓይለቱ ከፍታውን የሚያውቀው በሳተላይት ነው» የሚለውም ስህተት ነው። ጂፒኤስ አለው፤ ደረጃውን የሚጠብቀው ግን በአየር ግፊት ነው። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ጆሯችንን የሚደፍነው ያው ግፊት ማለት ነው። በአውሮፕላኑ ጎን ያሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች የውጭውን ግፊት ይቀበላሉ፤ መለኪያው ወደ ጫማ ይመነዝረዋል። እዚያ ላይ ሁሉም አብራሪ መለኪያውን 1013.2 ሄክቶፓስካል ላይ ስለሚያደርግ፣ «35,000 ጫማ» የተባለው ከፍታ እንደ አየሩ ጠባይ ከፍ ዝቅ ይላል። ግድ የለም፤ ሁሉም በአንድ ቁና እስከሰፈሩ ድረስ አብረው ከፍ ዝቅ ይላሉ። ጉዱ የሚመጣው አንዱ በጂፒኤስ ሌላው በግፊት ቢበር፣ ወይም የአንዱ ቁና ቢጎድል ነው።

ደግሞም ይጎድላል። በቀዳዳዎቹ ዙሪያ የአውሮፕላኑ ገላ ትንሽ ቢሸበሸብ ወይም ቀለሙ ቢያብጥ መለኪያው ይሳሳታል። «ያኔማ ተቆጣጣሪው በራዳር ያየዋል» የሚሉ አሉ። አያየውም! ስክሪኑ ላይ የሚመጣለት የከፍታ ቁጥር ከዚያው ከተሳሳተው መለኪያ የተላከ ነው። የግጭት ማስጠንቀቂያውም የሚያምነው እሱኑ ነው።

ሳተላይት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ባለሙያ ተንቀሳቃሽ የጂፒኤስ መቅጃ ይዞ ይሳፈራል፤ አንቴናዎቹን መስኮት ላይ ይለጥፋል። ከበረራው በኋላ የተቀዳው ከፍታ፣ ያ የግፊት ደረጃ በዚያ ሰዓት በእርግጥ የት እንደነበር ከሚያሳየው የሜትሮሎጂ መረጃ ጋር ይነጻጸራል። የመለኪያው ስህተት 245 ጫማ ከደረሰ ምክንያቱ ተፈልጎ መታረም አለበት። ለአብዛኛው አፍሪካ ይህን የሚከታተለው ተቋም ጆሃንስበርግ ይገኛል።

አሁን ብዙ አውሮፕላኖች የጂፒኤስ ከፍታቸውን ራሳቸው በሬዲዮ ስለሚያስተላልፉ፣ መሬት ላይ ያለ መቀበያ መዝግቦት ያንኑ ስሌት መሥራት ይቻላል፤ መቅጃ ተሸክሞ መሳፈር እየቀረ ነው።